ስኳር ለንብ፣ መዓዛ በጠብታ

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የንብ ጥጋብ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባውና መቹ ሜዳውን ያለብሱታል፣ ኑጉና ግብጦው ይከተላሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ረጅም ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ምድሩ ደርቆ አበባ ይጠፋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ንቧን ከቀፎ አያስወጣትም። አካባቢው የጤፍ አገር በመሆኑ፣ ማሳ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ለንብ ይተርፍ የነበረውን የአረም አበባ ይቀንሰዋል። ማሩ ተጠራርጎ የተወሰደበት ቀፎ በዚህ ወቅት ወይ ይሞታል፣ ወይ ንቡ ይኮበልላል።

የአገራችን ንብ አናቢ ለዚህ መላ አያጣም። በሶ፣ ቅመም ያልገባበት ሽሮ፣ በውሃ የተበጠበጠ ማር ወይም ስኳር ያቀርባል። ስኳሩ ለንቦቹ ጉልበት ይሰጣል። የእህሉና የጥራጥሬው ዱቄት ደግሞ እጩ የሚያድግበትን የአበባ ዱቄት በከፊል ይተካል። በቅርብ አሥርተ ዓመታት በዚህ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ እሱም በስኳሩ ውሃ ውስጥ ጠብ የሚደረገው የዕፅዋት መዓዛማ ዘይት ነው።

ዘይቱ የሚገኘው አረቄ እንደሚወጣበት ባለ መንገድ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱም ከውሃው ይለያል። በአገራችን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፅዋትና በዘይታቸው ላይ ይሠራል። ለንብ በብዛት የሚመረጡት የጠጅ ሳርና የናና ዘይቶች ናቸው። የጠጅ ሳር ዘይት ውስጥ ሲትራል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሠራተኛ ንቦች ጓደኞቻቸውን ለመጥራት ከሆዳቸው ጫፍ በሚለቁት ሽታ ውስጥም ይኸው ንጥረ ነገር ይገኛል። ንቡ ወደ ጠጅ ሳር ሽታ የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው። በጮቄ ተራራ የሚበቅለው ጦስኝም ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል በተባሉ ጀርም ገዳዮች ይታወቃል።

በአሜሪካ ቫሮዋ የተባለው የንብ ጥገኛ ተባይ በ1987 እ.ኤ.አ. ከተገኘ በኋላ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ያሉ ተመራማሪዎችና ንብ አናቢዎች በ1990ዎቹ መዓዛማ ዘይቶችን በስኳር ውሃ መሞከር ጀመሩ። በአናቢዎች ዘንድ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ በ1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1.1 ኪሎ ግራም ነጭ ስኳር ይሟሟል። ዘይትና ውሃ ስለማይዋሃዱ፣ ከአኩሪ አተር የሚገኝ ሌሲቲን ቁንጥር ይገባና በደንብ ይመታል። ከዚያ 15 ጠብታ የጠጅ ሳርና 15 ጠብታ የናና ዘይት ይጨመራል። ይህ እንዳለ ለንብ አይሰጥም። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ተወስዶ በ1 ሊትር የስኳር ውሃ ውስጥ ይገባል። የሚቀርበው የስኳር ውሃ፣ እጭ ለማበርታት ከሆነ ስኳሩና ውሃው እኩል፣ ስንቅ እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ለ1 እጅ ውሃ 2 እጅ ስኳር ነው። ስኳሩ እሳት ላይ አይፍላ፤ ቢያር ንቡን ይጎዳል። ቡናማ ስኳርና ሞላሰስም ሆዱን ያስቀምጡታል።

አቀራረቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝርግ ሳህን ላይ ገለባ ወይም ስንጥር ይነስነስበት፤ አለበለዚያ ንቦቹ እየሰጠሙ ያልቃሉ። በዘመናዊ ቀፎ ከፍሬሞቹ በላይ፣ በባህላዊ ቀፎ ከኋላ በኩል ውስጥ ይገባል። ሰዓቱ ማምሻ ላይ ይሁን፤ መግቢያውም ይጥበብ። የጠጅ ሳር ሽታ የጎረቤቱን ንብም ስለሚጠራ፣ በቀን ውጭ የተቀመጠ ምግብ ዘረፋ ያስነሳል፣ ደካማውም ቀፎ ያልቃል።

ጥቅሙንም በልኩ ማወቅ ይገባል። መዓዛው ንቡ ምግቡን ቶሎ እንዲያነሳ ይረዳል። ታይሞል በስኳር ውሃ ተሰጥቶ ኖሴማ የተባለውን የንብ አንጀት በሽታ እንደቀነሰ ያሳዩ ሙከራዎችም አሉ። ቫሮዋን ግን በምግብ የሚሰጥ ጠብታ አያጠፋውም፤ የተፈቀዱት የታይሞል መድኃኒቶች የሚሠሩት ቀፎው ውስጥ በሚተን እንፋሎታቸው ነው። ደግነቱ የአፍሪካ ንቦች ቫሮዋን ከአውሮፓ ንቦች በተሻለ ይቋቋማሉ። ዘይት ሲበዛ ንቡ ምግቡን ይሸሻል፣ ከዚያም ካለፈ ይሞታል።

ስለዚህ ስኳር የሌለው ሰው ዘይት ፍለጋ አይድከም፤ የተራበን ንብ የሚያድነው ስኳሩ ነው። ከስኳሩም በፊት የሚበልጠው የራሱ ማር ነውና፣ በኅዳር ስትቆርጡ ለበጋው የሚበቃውን ተዉለት። መመገቡንም አደይ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ነሐሴ ሳያልቅ አቁሙ። በሰፈፍ ውስጥ የተከማቸ የስኳር ውሃ ማር አይደለም፤ ለገዢም እንደ ማር ሊሸጥ አይገባም።