ሳቫና፦ የአነርና የቤት ድመት ልጅ

አነር በረጅም ሣር ውስጥ ሲያድን ከዓይኑ ይልቅ የሚተማመነው በጆሮው ነው። እጅግ ትልልቅ የሆኑት ጆሮዎቹ ሣር ሥር የምትንኮሻኮሽ አይጥ ያለችበትን ቦታ ለይተው ይነግሩታል። ከዚያ በረጃጅም እግሮቹ ወደ ላይ ይወነጨፍና በሁለት የፊት እግሮቹ ይጫናታል። ቁመናውን ካሰብነው፣ ከድመት ወገን የእሱን ያህል እግረ ረጅም የለም። ከሁለት ሙከራው አንዱ ገደማ ይሳካለታል፤ ይህም ከአንበሳ ያስበልጠዋል። በባሌ ተራሮች የሚኖር የአገራችን አውሬ ነው። በደጋው ጥቁር አነርም አለ።

ከዚህ አውሬ የቤት ድመት ለማግኘት የተሞከረው ግን ባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጁዲ ፍራንክ የምትባል አሜሪካዊት ድመት አርቢ አንድ ወንድ አነር ከአንዲት ሲያም ድመት ጋር አዳቀለች። ሚያዝያ ወር ላይ የተወለደችው ሴት ግልገል ሳቫና ተባለች፤ ስሙ ለዘሩ ሁሉ ቀረ። ፓትሪክ ኬሊና ጆይስ ስሩፍ የተባሉ ሰዎች ርባታውን ገፉበት። ቲካ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የድመት ማኅበር በ2001 ዘሩን መዘገበ፣ በ2012 ደግሞ ለሻምፒዮና ውድድር ፈቀደለት።

ሳቫና ሲታይ በእርግጥ ያምራል። አንገቱ ረጅም፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ገላው በወርቃማ ወይም በብርማ መደብ ላይ በጥቁር ነጠብጣብ ዥጉርጉር ነው። በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ከቤት ድመቶች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ የሰፈረው አርክቱረስ የተባለ ሳቫና ሲሆን፣ እስከ ትከሻው 48.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ብዙዎቹ ውኃ ውስጥ መጫወት ይወዳሉ፤ በማሰሪያ ታስረው ከሰው ጋር መንገድ መሄድ ይለምዳሉ፤ ቁም ሣጥን አናት ላይ ለመውጣት መንደርደር አያስፈልጋቸውም።

ነገር ግን «ሳቫና» የሚለው ስም ብቻውን ስለ እንስሳው ጠባይ ብዙ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ነው። አባቱ ራሱ አነር የሆነው የመጀመሪያ ትውልድ ይባላል። እንዲህ ያለውን ማግኘት ቀላል አይደለም። ትልቅ አነር እስከ 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ የቤት ድመት ደግሞ ከአራትና ከአምስት ኪሎ ብዙም አትዘልም። አብረው ካላደጉ በቀር አነሩ ድመቷን እንደ አቻው አያያትም። ቢገናኙም የእርግዝናው ጊዜ አይገጥምም፤ አነር 74 ቀን ገደማ ስታረግዝ ድመት በ65 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ስለዚህ ግልገሎቹ ቀናቸው ሳይደርስ ሊወለዱና በሰው እጅ በጡጦ ሊያድጉ ይችላሉ።

የተወለዱትም ቢሆኑ እኩል ዕድል የላቸውም። በቅሎ ወንድም ሆነች ሴት እንደማትወልድ እናውቃለን፤ በሳቫና ግን መካንነቱ የወንዶቹ ዕጣ ነው። ሴቶቹ ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምሮ ይወልዳሉ፣ ወንዶቹ በአብዛኛው እስከ አምስተኛው ትውልድ ድረስ መካን ናቸው። የድቅል ዘር መካንነት ቀድሞ የሚያጠቃው ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም የያዘውን ፆታ እንደሆነ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃልዴን በ1922 ጽፎ ነበር፤ በድመት ይህ ወንዱ ነው። ለዚህም ነው አርቢዎች ሴቶቹን እየያዙ ከቤት ድመት ጋር በየትውልዱ የሚያዳቅሉት። በየእርምጃው የአነሩ ድርሻ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ትውልድ መልኩ ቀርቶ ጠባዩ በአመዛኙ የቤት ድመት ይሆናል።

በእኔ እምነት የመጀመሪያውን ትውልድ ማርባት መቆም አለበት። ለእሱ ሲባል አንድ የዱር አውሬ ዕድሜውን ሙሉ በአጥር ውስጥ ይያዛል። ግልገሉም ለአንድ ሰው ብቻ ተለማምዶ እንግዳ ሲያይ የሚደበቅ ወይም የሚያስፈራራ፣ ክልሉን ለማስከበር ግድግዳና ምንጣፍ ላይ ሽንቱን የሚረጭ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ሲያቅተው ወደ እንስሳት መጠለያ የሚላከው እሱ ነው። ዱር አይመለስ፣ አፓርታማ አይበቃው። ይህን በውበት ማካካስ አይቻልም።

ሕግ አውጪዎችም ጉዳዩን ያዩት በየፊናቸው ነው። አውስትራሊያ አገር በቀል እንስሳቷን ለመጠበቅ በ2008 ሳቫና እንዳይገባ ከለከለች። በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፦ ኒው ዮርክ ግዛት ከአምስተኛው ትውልድ ጀምሮ ሲፈቅድ፣ ኒው ዮርክ ከተማ ግን ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በጆርጂያ ደግሞ ሳቫናን ቤት ማሳደግ ክልክል ነው።

ዥጉርጉር ድመት የሚያምረው ሰው አውሬ ማዳቀል አያስፈልገውም። ኦሲካት የተባለው ዘር የትንሽ ነብር መልክ ቢኖረውም በትውልድ ሐረጉ የዱር ደም የለም። በ1964 በሚሺጋን የአቢሲኒያና የሲያም ድመቶች ሲዳቀሉ ሳይታሰብ የተወለደ ነው።