«በውስጥ አናግሩኝ» ትህትና ነው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በንብ አናቢዎች የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ዓይነት መልእክት ይበዛል። «ሰላም ቤተሰብ፣ ከዳባት ነኝ። ንቦቼ እያለቁብኝ ነው። መፍትሔ የምታውቁ እባካችሁ በውስጥ አናግሩኝ።» ላኪው ብዙውን ጊዜ በጓሮው አንድ ሁለት ቀፎ የያዘ መምህር ወይም ጡረተኛ ነው። ክፋት የለውም፤ ሰው እንዳላስቸግር፣ ግሩፑንም እንዳልረብሽ ብሎ ነው። ገመናን አደባባይ ከማውጣት አንዱን አዋቂ ለብቻ ማማከር ጨዋነት ነው ብለን ነው ያደግነው።

እዚህ ላይ ግን ጨዋነቱ ንብ ይገድላል። እንዲህ ላለ መልእክት በውስጥ ቀድሞ የሚደርሰው የሚያውቅ ሰው ሳይሆን የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ነው። የምርት ስም የሌለው ብልቃጥ፣ «ቀፎው ውስጥ ጠብ አድርግበት፣ በሦስት ቀን ትገረማለህ» የሚል የድምፅ መልእክት፣ ከዚያ የቴሌብር ቁጥር። ይኼው ምክር ግሩፑ ላይ ቢጻፍ ኖሮ አንዱ አንጋፋ አናቢ «ኧረ ተው!» ባለው ነበር። በውስጥ ግን የሚያርም ሰው የለም።

ነገሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ንቡን ቤት ሲያውለው ረሃብ ይገባል። በረሃብ ያለቀ ንብ ጭንቅላቱን በማር እንጀራው ቀዳዳ ቀብሮ፣ የኋላ አካሉ ብቻ እየታየ ይገኛል፤ ቀፎውም ሲያነሱት ይቀላል። መፍትሔው ስኳርና ውሃ እኩል በጥብጦ መስጠት ነው። ባቄላው ሲያብብ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ግን ንቡ ከቀፎው መግቢያ ፊት ይከመራል፣ ብዙዎቹም ምላሳቸውን አውጥተው ይሞታሉ። ለዚህ የሚጨመር ጠብታ የለም። ጎረቤትን ማነጋገር ነው፤ አበባ ላይ እንዳይረጭ፣ የግድ ከሆነም ንቡ ከገባ በኋላ አምሽቶ እንዲረጭ። «ንቦቼ እያለቁ ነው» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ዳባት አጠገብ ያለው ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደው አዲ አርቃይ ሲደርሱ ቆላ ነው። የቆላው አናቢ ከልቡ የሚሰጠው ምክር ለደጋው ወሩን ሊስት ይችላል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን መልስ አያጣም፦ «ዳባት አካባቢ፣ ደጋ። አንድ ዘመናዊ ቀፎ፣ ሁለት ዓመቱ። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መግቢያው ፊት ብዙ ንብ ሞቶ አገኛለሁ፤ ምላሳቸው ወጥቷል። ቀፎው ሲነሳ ይከብዳል። የጎረቤት ባቄላ አብቧል፤ ተረጭቶ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፎቶው ይኸው።» እዚህ ውስጥ ግማሹ መልስ አለ።

ለመደበቅ በቂ ምክንያት የለም አልልም። ቀፎ ይሰረቃል። ዓይን የሚፈራም አለ፤ እሱን ተው የምል እኔ ማን ነኝ? ለዚህ የቀፎውን ብዛትና የጓሮውን አቅጣጫ መተው ይበቃል፤ ደጋ ነው፣ ወይና ደጋ ነው ማለት ሌባ አይጠራም። ትዕግሥቴን የሚጨርሱት ግሩፑ ላይ ዝም ብለው ከርመው ጥያቄ ሲመጣ «ና በውስጥ» የሚሉት «አማካሪዎች» ናቸው። ምክራቸው እውነት ከሆነ ሰው ፊት ለምን ይፈራል? «ይኼ ስንቴ ተጠየቀ!» እያሉ ጀማሪውን የሚያሸማቅቁትም ለነዚህ ገበያ ያመቻቻሉ፤ የተሸማቀቀ ሰው ሄዶ ሄዶ በውስጥ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ግሩፕ አጠያየቅ ሌላም ይባላል፤ ለምሳሌ «ሰላምታ ማስቀደም ግዴታ ነው»። ማስቀደሙ ጥሩ፤ «ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» ብሎ መልስ እየጠበቁ መቀመጥ ግን ሰላምታ አይደለም። ጥያቄው አብሮ ይምጣ።

«አስቸኳይ!!!» ብሎ መጻፍ መልስ አያፈጥንም። ስም እየጠሩ «ጋሼ፣ የት ጠፉ?» ማለትም እንዲሁ። ጋሼ ደመወዝ የላቸውም።

የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክትስ? መጻፍ ለሚቸግረው ሰው ይፈቀድ እላለሁ። ግን ከከተማ ወጣ ሲሉ ኔትወርኩ የሚታወቅ ነውና አንድ ደቂቃ ይብቃው፣ ዋናው ነገርም መጀመሪያ ይነገር።

«የግብርና ባለሙያ እያለ ግሩፕ መጠየቅ ንቀት ነው» የሚሉም አሉ። ባለሙያው ቀፎውን ከፍቶ ያያል፣ ግሩፑ አያይም፤ ስለዚህ ንብ በብዛት ሲያልቅ መጀመሪያ ወደ እሱ መሄድ ይመስለኛል። እሱ እስኪመጣ ግሩፑን መጠየቅ ግን የሚያስቀይመው አይመስለኝም፤ ባለሙያዎቹም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አሉ።

መልስ ካገኙ በኋላ ጥያቄውን የሚያጠፉ ደግሞ አሉ፤ አለማወቄ እንዳይታይ ብለው። በሚቀጥለው ነሐሴ ሌላው ሰው ያንኑ ጥያቄ ከዜሮ ይጀምራል። «እናመሰግናለን» ብሎ መጥፋትም ጎዶሎ ነው። ስኳሩ ሠራ? ጎረቤት እሺ አለ? ወይስ ንቡ ጥሎ ጠፋ? አደይ አበባ ወጥቶ ማር ሲቆረጥ ሁሉም የሙሉ ቀፎ ፎቶ ይለጥፋል፤ ቀፎው ባዶ የቀረበት ሰው ምን እንደሞከረ ቢጽፍ ከፎቶዎቹ ሁሉ ይልቅ እሱን አነበው ነበር።