በእርግጥ ዶሮዎቻችንን የሚገድላቸው ብርድ ነውን?

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀዘቅዛል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ያበረታታቸው የጓሮ ዶሮ አርቢዎችም በዚህ ወቅት የዶሮ ቤቱን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ይጠቀልሉታል። ሲመሽ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ የሚያስገባም አለ። ጠዋት ሁለት ሦስት ዶሮ ሞቶ ሲገኝ ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ በብርድ ይላከካል። ብርድ ጠበቃ ማቆም ቢችል ኖሮ ብዙውን ጊዜ በነፃ በተሰናበተ ነበር።

ያደገች ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ላባዋን ስትነፋ በመካከሉ የሚቀረው አየር እንደ ጋቢ ያገለግላታል። ደረቅ እስከሆነችና ነፋስ በቀጥታ እስካልመታት ድረስ የአዲስ አበባ ብርድ ቀርቶ የደብረ ብርሃን ውርጭም አይበግራትም። የሚጎዳት እርጥበት ነው። ከትንፋሿና ከኩሷ የሚወጣው እንፋሎት በታፈነ ቤት ውስጥ መውጫ ስለሚያጣ ከቆርቆሮው ሥር ተጠራቅሞ መልሶ ይንጠባጠብባታል። ላባዋ ከረጠበ ጋቢው የለም። ከእርጥብ ኩስ የሚነሳው አሞኒያም ዓይኗንና የመተንፈሻ አካሏን ያቆስላል። ማለዳ በሩን ሲከፍቱ ሽታው ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎ፣ ዶሮዎቹ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ መገመት አያዳግትም። የከሰሉ ጢስማ ሰውንም የሚገድል ነው።

ስለዚህ ላስቲኩ ነፋስ በሚመጣበት በኩል እስከ ቆጡ ከፍታ ብቻ ይጋረድ። ከጣሪያው ሥር ከቆጡ በላይ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ክፍተት ይተው። ወለሉ ላይ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነስነስ፤ በውሃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበው ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ቆጡ የብረት ቧንቧ ከሚሆን ጠፍጣፋ እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ትሸፍናለችና። ወደ ማታ ጥቂት በቆሎ ቢጨመርላት ሌሊቱን ሲፈጭ ሙቀት ይሰጣታል። በብርድ ወራት እንቁላል ሲቀንስ መኖ የሚቀንስ ሰው አጋጥሞኛል፤ መጨመር ሲገባው ማለት ነው።

የጫጩት ጉዳይ ግን ለብቻው ነው። ላባ ስላላበቀለች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን ማየት ይበቃል፤ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ከሸሹ ሞቋቸዋል። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይቻላል። የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተዋውቁት ዙሪያው ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥንም ያለ መብራት የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ዶሮ ከሞተ ግን ነገሩ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል፣ የሞተውን ርቆ በጥልቅ ቀብሮ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።