በእንፋሎት የሚቀዝፍ መርከብ

እህል ለማስፈጨት የሄደ ሰው «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» ይላል። በሐዲድ ላይ የሚሄደውም ባቡር ነው። እኛ ባለንበት በጦር ኃይሎች፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት የሚነሣው የከተማ ባቡር የመጨረሻ ጣቢያው ነው። ይህ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ወፍጮውም በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ ይሠራል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት አንድ ስም ወጣላቸው?

«ባቡር» የፈረንጅ ቃል ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ይላሉ፤ እንፋሎት ማለት ነው። ድሮ መኪና ሁሉ የሚሠራው በእንፋሎት ስለነበር፣ ስሙ ከእንፋሎቱ ወደ መኪናው ተላለፈ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ «ሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር። ዛሬ እንፋሎቱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። እኛ ግን እዚህ የምንናገረው እንፋሎቱ ገና ስላልቀረባቸው መርከቦች ነው።

በእርግጥ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይንና ሶባትን አልፈው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ለምን በክረምት ብቻ? ባሮ በበጋ ስለሚጎድል ነው። ውሃው ሳይሸሽ ያልተመለሰ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግዴታው ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እነዚያ መርከቦች በመንኮራኩር የሚቀዝፉ ነበሩ። የጣና ሰው ታንኳውን በእጁ ሲቀዝፍ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይነክራል። አሁን ስምንት መቅዘፊያ በአንድ ትልቅ መንኮራኩር ዙሪያ እንደታሰረ አስቡ። መንኮራኩሩ ሲዞር አንዱ ሳንቃ ከውሃ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሥራው እረፍት የለውም። ደግሞም መንኮራኩሩ ወደ ውሃው ጥልቅ ስለማይገባ፣ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ መሄድ ይችላል። ለባሮ የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

ዛሬ እንደነዚህ ያሉ መርከቦች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከነሱ አንዱ እኛው ውሃ ላይ ይሄዳል ማለት ይቻላል። «ሱዳን» የሚባለው መርከብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 የተሠራ ሲሆን፣ አሁንም በግብፅ በሉክሶርና በአስዋን መካከል ዓባይ ላይ መንገደኛ ያመላልሳል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ከኢትዮጵያ የሚወርድ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ጠረፍ ባሕር ላይ የሚሄደው «ዌቨርሊ» ነው። እርሱ እንዴት እንደሚሠራ ዘርዘር አድርገን እንመልከት።

ዌቨርሊ በ1946 (ይህም በፈረንጆች ነው) በግላስጎ ከተማ ተሠራ። ከርሱ በፊት ይኸው ስም የነበረው መርከብ በ1940 በጦርነት፣ ከዳንከርክ ወታደሮች ሲያወጣ ተመትቶ ሰጥሟል። አዲሱ ርዝመቱ 73 ሜትር ነው፤ ከ800 ሰው በላይ ይይዛል።

ኃይሉ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ንፍሮ ሲፈላ የድስቱ ክዳን ሲንኳኳ ሰምታችኋል። ክዳኑን የሚያነሣው እንፋሎት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካልሰጡት ይገፋል። መርከቡ ውስጥ ቦይለር የሚባሉ፣ ከወፍራም ብረት የተሠሩ ትልልቅ የውሃ ማፍያ ጋኖች አሉ። ድሮ የሚነድባቸው ከሰል ነበር፤ ሠራተኞች ቀን ሙሉ በአካፋ ሲያጎርሱ ይውሉ ነበር። ከ1957 ወዲህ ግን የሚነደው ዘይት ነው። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ከ10 እጥፍ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነውና። ቦይለር ውስጥ ውሃው ከጎደለ፣ እሳቱ የሚመታው ብረት ይግላል፣ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ብረት ግፊቱን መቻል ያቅተዋል፤ ይፈነዳል። ስለዚህ የውሃውን ልክ የሚያሳይ መስተዋት አለ፤ ሠራተኛው ዓይኑን ከርሱ አይነቅልም። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ ክዳንም አለ። ይህን ክዳን ማሰር ወይም መድፈን ሰው ከመግደል አይለይም።

እንፋሎቱ ከቦይለሩ በቧንቧ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። በሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚል ፒስተን አለ፤ ጋራዥ ያሉ ሰዎች ስታንቱፎ ይሉታል። እንፋሎቱ መጀመሪያ በአንድ ወገን፣ ቀጥሎ በሌላው ወገን እየገባ ይገፋዋል። ወዲያና ወዲህ የሚለው ነገር እንዴት መንኮራኩር ያዞራል ቢባል፣ የልብስ ሰፊውን ሲንጀር ተመልከቱ። እግሩ ፔዳሉን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚለው፤ ጎማው ግን ይዞራል። ልብስ ሰፊው አንዳንዴ ፔዳሉ ልክ ጫፍ ላይ ሲቆምበት ጎማውን በእጁ ገፋ ያደርገዋል። ዌቨርሊ ሦስት ሲሊንደር ስላለው እንዲህ አይቸገርም፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሌላው እየገፋ ነው።

ሦስቱ ሲሊንደሮች እኩል አይደሉም። ትኩሱ እንፋሎት መጀመሪያ ትንሹን ይገፋል። ከዚያ ኃይሉ ገና ስላላለቀ ወደ መካከለኛው፣ በመጨረሻም ወደ ትልቁ ይገባል። እየደከመ በሄደ ቁጥር ሰፊ ቦታ ይሰጡታል። ይህ ነዳጅ ለመቆጠብ የተገኘ ዘዴ ነው፤ እኛ በጣም የወደድነው ይህን ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በባሕር ውሃ በቀዘቀዙ ቱቦዎች ላይ አልፎ ውሃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። የባሕሩን ውሃ ራሱን ለምን አያፈሉትም ትሉ ይሆናል። ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው በብረቱ ላይ ጋግሮ ይቀራል።

መርከቡን የሚያዝዘው ካፒቴን ከላይ ነው የሚቆመው። ሞተሩን አይነካም፤ ከላይ ሆኖ አያየውምም። አጠገቡ «ወደፊት»፣ «ቀስ በል»፣ «ቁም»፣ «ወደ ኋላ» የሚል የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። እጀታውን ወደሚፈልገው ሲያዞር ታች ሞተሩ ክፍል ደወል ይደወላል፤ የታችኛውም ሰሌዳ ያንኑ ያሳያል። መሐንዲሱ «ሰምቻለሁ» ለማለት የራሱን እጀታ ያዞርና የእንፋሎቱን መክፈቻ ይይዛል። ሁለቱ ካልተግባቡ መርከቡ ከወደቡ ግንብ ጋር ይላተማል።

ማዞሩም ቀላል አይደለም። ሁለቱ መንኮራኩሮች፣ የቀኙና የግራው፣ በአንድ ዘንግ ላይ የተተከሉ ናቸው። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች አንዱ ወደፊት ሌላው ወደ ኋላ ማለት አይችልም። ስለዚህ መርከቡ የሚዞረው በኋላው ባለው መሪ ብቻ ነው፤ መሪውም የሚሠራው መርከቡ ሲሄድ እንጂ ሲቆም አይደለም። ነፋስ በጎን ሲመታው ካፒቴኑ ይቸገራል። መንገደኛው አንድ ነገር ለማየት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከሮጠ ደግሞ መርከቡ ያጋድላል፤ አንዱ መንኮራኩር ጠልቆ ይገባል፣ ሌላው ከውሃው ይነሣል።

መንገደኛው የሞተሩን ክፍል በኮሪደሩ አጠገብ ቆሞ ማየት ይችላል። ሰዉ የሚከፍለው ለመድረስ ብቻ አይደለም፤ የብረቱን እንቅስቃሴ ለማየትም ነው።

በ1974 ባለቤቶቹ ዌቨርሊን ማንቀሳቀስ አላዋጣ ስላላቸው፣ ለመርከብ ወዳዶች ማኅበር በ1 ፓውንድ ሸጡት። የአንድ ፓውንድ መርከብ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ውዱ ግን ማኖሩ ነው። በ2019 ቦይለሮቹ አርጅተው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ሳይሄድ ቀረ። ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ የስኮትላንድ መንግሥትም 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። አሮጌዎቹ ቦይለሮች ወጥተው አዳዲስ ከገቡ በኋላ፣ በ2020 ነሐሴ ወር መንኮራኩሮቹ እንደገና ዞሩ። አሁን የሚሄደው በሞቃቱ ወራት ነው። ብርዱ ሲገባ ወደብ ላይ ታስሮ እሳቱ ይጠፋል፣ ጋኖቹ ይጠረጋሉ፣ የበሰበሱት የመንኮራኩር ሳንቃዎች እየተነቀሉ በአዲስ እንጨት ይተካሉ።