“ዲቃላው” ስም ሲወጣለት ገዢ አገኘ

ዕቃው ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ተለውጦ ገበያ ሊደራለት እንደሚችል ማስረጃ ለሚሻ፣ “ላብራዱድል” የተባለው ውሻ ታሪክ ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት፣ አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ለሚገኘው የመሪ ውሾች ማኅበር ጥያቄ አቀረበች። መሪ ውሻ ትፈልጋለች፤ ባለቤቷ ግን የውሻ አለርጂ አለበት። የማኅበሩ የእርባታ ኃላፊ ዋሊ ኮንሮን ጸጉሩ እምብዛም የማይረግፈውን ፑድል ለሥራው ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በመጨረሻ፣ በ1989፣ ፑድልን ከላብራዶር አዳቀሉ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የጸጉራቸውና የምራቃቸው ናሙና ሃዋይ ተልኮ ሲሞከር ለባልየው የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር።

የገበያው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ውሻ ለመውሰድ ወረፋ የያዘ ሰው ሞልቶ ሳለ የቀሩትን ሁለት “ዲቃሎች” የሚወስድ ጠፋ። ኮንሮን ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሄደው ማኅበሩ “ላብራዱድል” የሚባል አዲስ ውሻ ማፍራቱ እንዲነገር አደረጉ። ወሬው እንደተሰማ የማኅበሩ ስልክ ፋታ አጣ። ቡችሎቹ ያው እነዚያው ናቸው።

ዛሬ ጎልደንዱድል፣ በርንዱድል እየተባለ ቤተሰቡ ሰፍቷል። በአሜሪካ አንዱ ቡችላ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ ገና ሳይወለድ ቀብድ የሚቀበሉ አርቢዎችም አሉ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ግን እንደ ዝርያ አይመዘግባቸውም። ደረጃ ባልወጣለት ዕቃ ላይ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም።

ዋናው የሽያጭ ቃል “አለርጂ አያስነሳም” የሚለው ነው። በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አለርጂ አያመጡም የሚባሉ ውሾች ባሉባቸው ቤቶችና በሌሎቹ መካከል የአለርጂ አምጪው መጠን ልዩነት አላገኘም። አምጪው ከምራቅና ከቆዳ ፍርፋሪም ስለሚወጣ ጸጉር አለመርገፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ልጁ አስም ያለበት ቤተሰብ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ልጁንም ከውሻው ጋር ደጋግሞ ያውለው። “ድቅል ስለሆነ በሽታ አይነካውም” የሚባለውም እንዲሁ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በላብራዶርም በፑድልም ይታያል፤ ሁለቱም ወላጆች ካሉበት ቡችላው ከየት ያመልጣል?

ከግዢው በኋላ ያለው ወጪ ነው ብዙዎችን የሚያስደነግጠው። የማይረግፍ ጸጉር ይጠላለፋል። እስከ ቆዳው ድረስ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መበጠር፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱም በባለሙያ መስተካከል አለበት። የውሻ ቦታ የግቢ በር ነው ብሎ ላደገ አንባቢ የውሻ ጸጉር አስተካካይ መባሉ ሳቅ ያስነሳ ይሆናል፤ ሂሳቡ ግን አያስቅም።

ከገንዘቡ የሚከብደው ጊዜው ነው። ፑድልም ሪትሪቨርም አዳኝ የጣለውን ወፍ ከውኃ እያወጡ ለማምጣት የተረቡ ናቸው። ሥራ የፈታ ቡችላ ጫማ ይበላል። ቡችላ ከእናቱ ተለይቶ የሚመጣው በ8 ሳምንቱ ገደማ ሲሆን፣ ሰውን፣ ሕፃንን፣ የመኪና ድምፅን ሳይፈራ የሚለምደው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር፣ ቡችላው ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ ሰባት ቀን ቆይቶ ሥልጠና እንዲጀምር የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሽንት ለማስለመድ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ማውጣት፣ ደጅ ሲሸና በዚያው ቅጽበት ቁራሽ ምግብ መስጠት ነው። ምንጣፍ ላይ ከሸና በኋላ መቆጣት ተደብቆ መሽናትን ያስተምረዋል። ሰው ላይ ሲዘል ደግሞ ሁሉም ፊቱን ያዙርበት። አባት እየገፋው ልጅ የሚያቅፈው ከሆነ መዝለሉ እንደሚያዋጣ ይማራል። ብቻውን መዋልንም በደቂቃዎች ጀምሮ ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ነጋዴ ይህ አይመችም።

ኮንሮን ራሳቸው በ2019 ለአውስትራሊያ ሬዲዮ በሰጡት ቃል፣ ለትርፍ ብቻ የሚያራቡ ሰዎች በመብዛታቸው መጸጸታቸውን ተናግረዋል። ቢሆንም ገዢ አልጠፋም። መግዛት የቆረጠ ሰው የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እናቲቱንም ቡችሎቹ ካሉበት ሆና ይያት። ሻጩ “እናቲቱ ሌላ ቦታ ናት” ካለ ቀብዱን በኪስ ይዞ መመለስ ነው።