ፒስተን አልባው ሞተር ሲፈታና ሲገጠም

ሞተር አውርዶ «ጄኔራል» ማድረግ ለለመደ መካኒክ ሥራው የታወቀ መንገድ አለው። ቴስታታው ይነሳል፤ ቫልቮቹ ይታያሉ፤ ፒስተኑ ከነቢየላው ይወጣል፤ ፋሻው ይቀየራል፤ ኮሎው ይለካል። ይኸው መካኒክ የማዝዳ አርኤክስ-7ን ሞተር ቢከፍት ግን ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። ቴስታታ የለም፤ ቫልቭ የለም፤ ቢየላም የለም። የሚያገኘው ጎናቸው ወደ ውጭ የተነፋ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች፣ ወገባቸው ጠበብ ያለ ሁለት ሞላላ ቤቶች፣ በመሐላቸው የሚያልፍ አንድ ዘንግ፣ ከዚያ ደግሞ በጣት የሚያዙ በርካታ ስስ የብረት ማሸጊያዎች ነው። የሞተሩ ዕድሜ የተንጠለጠለው በእነዚህ ማሸጊያዎች ላይ ነው።

ሞተሩ በጀርመናዊው ፈልሳፊ በፌሊክስ ዋንክል ስም ዋንክል፣ በአሠራሩ ደግሞ ሮታሪ ይባላል። ተራው ሞተር ፒስተኑን ሽቅብ ይገፋል፣ ቁልቁል ይመልሳል፣ ይህንን ምልልስ በቢየላና በኮሎ ወደ መዞር ይለውጠዋል። ሮታሪ ግን ከመነሻው የሚዞር ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ብረት፣ ሮተሩ፣ በሞላላው ቤት ውስጥ ሲንከባለል ሦስቱ ጫፎቹ ግድግዳውን አይለቁም። በመሆኑም በሮተሩና በግድግዳው መካከል ሦስት ክፍሎች ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሲሰፋ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲጠብ ያምቃል፤ ካንዴላው ሲለኩሰው ሮተሩን እየገፋ ይሰፋል፤ ዳግም ሲጠብ ጭሱን ያስወጣል። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ስለሚዞር፣ ዘንጉ በየዙሩ ከእያንዳንዱ ሮተር አንድ ግፊት ያገኛል። ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ፒስተን ይህንን ግፊት የሚሰጠው በየሁለት ዙሩ ነው።

ትንሽ ሆኖ ጉልበተኛ የመሆኑ ምስጢር ይኸው ነው። የመጨረሻው አርኤክስ-7 የተሸከመው 13ቢ-አርኢደብልዩ የተሰኘው ሞተር እያንዳንዱ ሮተሩ 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1,308 ሲሲ ነው። በቁጥር ሲታይ አዲስ አበባ ውስጥ ከምናውቀው ባለ 1.3 ሊትር ቪትዝ አይበልጥም። በሁለት ተርቦ እየተነፋ ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ 255 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ በጃፓን የተሸጡት የመጨረሻዎቹ ደግሞ 280 ደርሰዋል።

የሰይጣን ጥፍር

የመጀመሪያው የዋንክል ሞተር በጀርመኑ ኤንኤስዩ ኩባንያ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። የሂሮሺማው ቶዮ ኮግዮ፣ የኋላው ማዝዳ፣ በ1961 የመሥራት ፈቃዱን ገዛ። ነገር ግን የገዛው ያለቀለት ሞተር ሳይሆን ያልተፈታ ችግር ነበር። የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያዎች በፍጥነት ሲንሸራተቱ እየተንቀጠቀጡ የቤቱን ግድግዳ ያርሱታል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ተደጋጋሚ ጭረት መሐንዲሶቹ «የሰይጣን ጥፍር» አሉት። ኬኒቺ ያማሞቶ የመሩት የምርምር ክፍል 47 መሐንዲሶችን ይዞ ተነሳ፤ ቁጥሩም በጃፓን ታሪክ በታማኝነታቸው ከሚወሱት 47 ሳሙራዮች ጋር አንድ በመሆኑ ስማቸው ተሰጣቸው። ማሸጊያው ከምን ይሠራ፣ ቅርጹስ ምን ይሁን እያሉ ዓመታት ደከሙ። በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለች ባለ ሁለት ሮተር መኪና ለገበያ አበቁ። በ1991 ደግሞ ባለ አራት ሮተሩ ማዝዳ 787ቢ የሌማን የ24 ሰዓት ውድድርን አሸነፈ። ሦስተኛው ትውልድ አርኤክስ-7 የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ምርቱ እስከ 2002 ዘልቋል።

ያም ሆኖ የማሸጊያው ነገር ተገራ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ጋራዦች የሚፈቱት የአርኤክስ-7 ሞተሮች በአብዛኛው ከሁለት በአንዱ ምክንያት የወደቁ ናቸው።

ሞተሩ ምን ይገድለዋል?

አንደኛው ገዳይ ያለ ሰዓቱ የሚነሳ ፍንዳታ ነው። ተርቦው ብዙ አየር ሲነፋ በቂ ቤንዚን ካልተከተለው፣ ወይም የሚገባው አየር ከልክ በላይ ከሞቀ፣ ድብልቁ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ፒስተን ይህንን ጥቂት ጊዜ ይችለው ይሆናል። የሮታሪው የጫፍ ማሸጊያ ግን ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዴ ከተሰበረ ስባሪው የቤቱን ግድግዳ ይቧጥጣል፤ በጭስ መውጫው በኩል ሲወጣም የተርቦውን ምላጮች ሊመታ ይችላል።

ሁለተኛው ገዳይ ሙቀት ነው። በፒስተን ሞተር ቀዝቃዛው አየር የሚገባበት ሲሊንደር ራሱ እሳቱም የሚነድበት ስለሆነ ሙቀቱ ይፈራረቃል። በሮታሪ ግን አንዱ ጎን ዘወትር ቀዝቃዛ አየር ይቀበላል፤ ካንዴላዎቹ ያሉበት ጎን ዘወትር ይነዳል። የአሉሚኒየሙ ቤትና በግራ በቀኙ ያሉት የብረት ሳህኖች እኩል አይለጠጡም። በመካከላቸው ውሃውን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች ይህንን ሳብ ለቀቅ ለዓመታት ሲሸከሙ ኖረው አንድ ቀን ይደክማሉ። ያኔ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ይታያል፤ የራዲያተሩ ውሃ አረፋ ይደፍቃል፤ ጠብታ መሬት ሳይነካ ውሃው ይጎድላል።

ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይለካል። ሮታሪ የራሱ የኮምፕሬሽን መለኪያ አለው፤ የእያንዳንዱን ሮተር ሦስት ክፍሎች ለየብቻ ያነባል። ሦስቱም ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ካሉ የእርጅና ምልክት ነው። ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ወድቀው አንዱ ደህና ከሆነ ግን በሁለቱ መካከል ያለው የጫፍ ማሸጊያ ተሰብሯል ማለት ነው። ሞተሩ ሳይከፈት ሕመሙ ይህን ያህል ይታወቃል።

መፍታት

ሞተሩ ከወረደ በኋላ ትልቁ ትግል የቮላኖው ዳዶ ነው፤ ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቀላል ኪያቤ አይነቃነቅም። እሱ ከተሸነፈ ቀሪው እንደ ድርብርብ ምሳ ዕቃ ነው። የብረት ሳህን፣ የሮተር ቤት፣ የመሐል ሳህን፣ ሁለተኛ የሮተር ቤት፣ የኋላ ሳህን፤ አምስቱንም አንድ ላይ አጥብቀው የያዙት ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉ ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ብሎኖቹ ሲወጡ ደርቡ አንድ በአንድ ይነሳል። በየሮተሩ 3 የጫፍ፣ 6 የማዕዘንና 6 የጎን ማሸጊያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከስራቸው ስስ ሞላ አላቸው። ጠንቃቃ ሰው ሁሉንም በየቦታቸው ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል፤ አለባበሳቸው የሞተሩን ታሪክ ይናገራልና።

ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። የፒስተን ሞተር ሲሊንደር ቢጫር በቶርኖ ሰፋ ተደርጎ ወፈር ያለ ፒስተን ይገባበታል። የሮተር ቤት ይህ ዕድል የለውም። ውስጠኛው ገጽ በክሮም የተለበጠ ነው፤ ልባጡ ከተላጠ ወይም በጥልቀት ከተቧጠጠ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ይለወጣል። የጎን ሳህኖቹ ግን ከወፍራም ብረት የተሠሩ በመሆናቸው መጠነኛ ጉድጓድ ቢኖራቸው ታሽተው ሊስተካከሉ ይችላሉ። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተላጠ ቤት ላይ አዲስ ማሸጊያ መግጠም አዲስ ጎማ በተጣመመ ቸርኬ ላይ እንደማሰር ነው።

መግጠም

መገጣጠሙ ትዕግሥት እንጂ ጡንቻ አይጠይቅም። የጎን ማሸጊያዎች ልክ ሆነው አይመጡም፤ እያንዳንዳቸው ከማዕዘን ማሸጊያው ጋር የሚኖራቸው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ እስኪሆን በስስ ሞረድ አንድ በአንድ ይሞረዳሉ። ከበዛ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፤ ካነሰ ሲሞቅ ይነክሳል። ለሁለት ሮተር 12 ናቸው፤ አንዱ ቢሳሳት እንደገና ከአዲስ መጀመር ነው። ሮተሩ ወደ ቤቱ ሲወርድ እነዚህ ሁሉ እንዳይረግፉ የሚይዛቸው በየቤታችን ያለው ቫዝሊን ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቀልጦ ስለሚነድ ጉዳት አያስከትልም። በመጨረሻ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኖረው ጨዋታ ይለካል፤ ከ0.04 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር መካከል መሆን አለበት።

ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን አስፍቶ አየሩን መጨመር ይቻላል። ለመንገድ መኪና በመጠኑ ማስፋት ይበቃል። ለውድድር ተብሎ ከመጠን በላይ የተከፈተ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ይንገጫገጫል፣ ቤንዚን ይጨርሳል፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ባለቤቱን ያሰቃያል።

ጉልበት በመጨረሻ

አሁን ሁሉም የሚጓጓለት የማሻሻል ሥራ ይመጣል፤ እኔም አጥብቄ የምናገረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። የፋብሪካው አሠራር ሁለት ተርቦዎችን በተራ ያስነሳል፤ የመጀመሪያው በዝቅተኛ ዙር፣ ሁለተኛው በ4,500 ዙር አካባቢ ይቀላቀላል። ውብ ሐሳብ ነው፤ ይህንን የሚያዙት ስስ የጎማ ቱቦዎች ግን ብዙ ናቸው፣ በሞተሩ ሙቀትም ይደርቃሉ። ብዙዎች ስለዚህ ሁለቱን አውጥተው በአንድ ትልቅ ተርቦ ይተኳቸዋል። አሠራሩ ይቀላል፤ በዝቅተኛ ዙር የነበረው ፈጣን ምላሽ ግን ይቀንሳል። የከተማ መኪና የሚፈልግ ሰው ቱቦዎቹን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ለውጦ የፋብሪካውን ተርቦዎች ቢያቆያቸው አልተሸነፈም።

የትኛውንም ቢመርጥ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ይሻሻላል፦ ሰፊ የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ የተርቦውን አየር የሚያበርድ ተለቅ ያለ ኢንተርኩለር፣ ደህና የዘይት ማቀዝቀዣ። በዕድሜ የሚሰነጠቀው ትንሹ የፕላስቲክ የውሃ ጋን በአሉሚኒየም ይተካል። ቀጥሎ ቤንዚኑ፦ የፋብሪካው ኢንጀክተሮች ሁለቱ 550፣ ሁለቱ 850 ሲሲ በደቂቃ የሚረጩ ናቸው፤ ተርቦው ካደገ እነሱም ፓምፑም ማደግ አለባቸው። ቀጥሎ እነዚህን የሚመራ ኮምፒውተርና በጭሱ ውስጥ የአየርና የቤንዚኑን ሚዛን የሚያነብ መለኪያ። የንፋቱ ግፊት የሚጨመረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው የገዛው ጉልበት ሳይሆን ሁለተኛ ጄኔራል ነው።

የተሠራ ሞተር ከተነሳ በኋላም ማሸጊያውና ግድግዳው እስኪላመዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ተርቦ ግፊት በዝግታ ይነዳል። ሮታሪ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ የሞተር ዘይት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር ዘይቱን ማየት የባለቤቱ ልማድ መሆን አለበት። ሳይሞቅ አለመሮጥ፣ ከሮጡ በኋላም ተርቦው እስኪበርድ ትንሽ ቆይቶ ማጥፋት ሌላው ነው።

ማዝዳ በ2023 ሮታሪን መልሶ ወደ ምርት አምጥቷል፤ በኤምኤክስ-30 ውስጥ ለባትሪው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ባለ አንድ ሮተር፣ 830 ሲሲ ሞተር ነው። ለዚህ አዲስ ሞተር መሐንዲሶቹ የጫፍ ማሸጊያውን ውፍረት ከ2 ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር አሳደጉት። ከሰይጣን ጥፍር ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ሞተሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች አሁንም የሚሳሱላት ለዚያችው ስስ ብረት ነው። አርኤክስ-7ቱን በጋራዡ የሚገጥም ሰውም ከጉልበቱ በፊት ለእሷ ይሳሳ።