የአሮጌ ትራክተር ክንድ ሲዝል

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረደ ኮምቦልቻ የሚደርስ መንገደኛ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ብርዳሙን ደጋ ትቶ ሞቅ ወዳለው ወይና ደጋ ይገባል፤ የቦርከናንም ወንዝ ተከትሎ ወደ ከሚሴ ቢያልፍ የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይቀበለዋል። የወሎ ዳገትና ገመገም ከጥንት ጀምሮ የበሬ ርስት ስለ ሆነ፣ ትራክተር እንደ ልቡ ሊሠራ የሚችለው እንደዚህ ባለው ሜዳ ነው። በዚያም ቢሆን የበልጉ ዝናብ ወይም የሰኔው ደመና ማንንም አይጠብቅምና፣ ማረሻውን የሚያነሣው ሃይድሮሊክ በእርሻ ወቅት እምቢ ያለ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ በጭንቀት ተይዞ ሌላ ፓምፕ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሮጣል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥድፊያ ነው፤ ሕመሙ ሳይመረመር ውድ መድኃኒት ስለሚገዛለት፣ በጥቂት ሊትር ዘይት ወይም በአንዲት ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ይድን የነበረው ትራክተር የባለቤቱን ጥሪት ይበላል።

የነገሩ መሠረት ቀላል ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ግፊቱ ሳይጓደል ወደ ሁሉም ወገን ይተላለፋል፤ ስለዚህ በጠባብ መንገድ የተገፋ ዘይት ሰፊ ፒስቶን ሲያገኝ፣ ሰው በጉልበቱ የማይሞክረውን ሸክም ያነሣል። ይህን ሕግ ከማረሻ ጋር ያዋሐደው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። ከእርሱ በፊት ማረሻ ከትራክተር ኋላ እንዲሁ ይጎተት ስለ ነበር፣ ስለቱ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ትራክተሩ ፊቱን ሽቅብ አንሥቶ በነጂው ላይ የሚገለበጥበት ጊዜ ነበር፤ ፈርጉሰን ግን ማረሻውን በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ አካል ጋር አያይዞ፣ ዐፈሩ ሲከብድ ሃይድሮሊኩ ራሱ ማረሻውን ከፍ እንዲያደርግ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በኮቨንትሪ ከተማ የተሠራችው ቲኢ 20 የተባለች ትንሽ ትራክተር ይህን ጥበብ ለዓለም አዳረሰች።

ከዚህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135፣ አራት ፒስቶን ያለው ፓምፑ ከካምቢዮው በስተኋላ በዘይት ውስጥ ሰጥሞ የሚኖር ሲሆን፣ የሚያንቀሳቅሰውም የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው የፒቲኦ ዘንግ ነው።  ማረሻውን የሚያነሣው ክንድ ፈጽሞ አልነሣ ሲል መጀመሪያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይመዘዝ። ያው አንዱ ዘይት ለካምቢዮውም፣ ለኋላው አክስልም፣ ለሃይድሮሊኩም ስለሚያገለግል፣ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ዘይቱም አረፋ ያወጣል፣ የመሣሪያውም ድምፅ ወደ ልቅሶ ይቀየራል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ደግሞ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ትራክተር፣ በማርሹ ዱላ ሥር ያለችው ላስቲክ ከተቀደደች፣ ዝናቡን በዚያው በኩል ይጠጣል። እንዲህ ያለው ዘይት እስከ ጭላጩ ተቀድቶ መለወጥ፣ ፊልትሮውም መታጠብ አለበት። የጎደለውን ባገኙት ፈሳሽ መሙላት ግን ክፉ ልማድ ነው፤ በተለይ የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።



ዘይቱ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ የሕመሙ ጠባይ ራሱ ይናገራል። ባዶውን ክንድ አንሥቶ ማረሻ ሲጫንበት የሚዝል ከሆነ፣ ወይ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ያለ ጊዜው ይከፈታል፣ ወይ ዘይቱ በመንገድ ያመልጣል፣ ወይ ፓምፑ በእርግጥ አርጅቷል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው የግፊት መለኪያ ነው፤ በደኅና ትራክተር ላይ ግፊቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 170 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሲነሣ በእኩል ልክ እየተንገጫገጨ ከሆነ፣ ከፓምፑ አራት ክፍሎች የአንዱ ቫልቭ በቆሻሻ ተይዟል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ተነሥቶ ሞተር ሲጠፋ ፈጥኖ ከወረደ ደግሞ፣ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ፒስቶን፣ ከቧንቧው ጎሚኒ ወይም ከመቆጣጠሪያው ቫልቭ ዘንድ ይሸሻል።

በደርግ ዘመን በናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የሃይድሮሊኩ ዘይት በተለየ ታንክ ይኖራል፣ ፊልትሮውም በዚያው ታንክ ውስጥ ነው፣ ፓምፑም ባለ ጥርስ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ትራክተር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመሩት ታንኩና ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ናቸው፤ ማሰሪያው የላላ ቱቦ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊስብ ይችላልና።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ማረሻው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ አስቀድሞ መሬት ይውረድ። የሚያፈስበትንም ቦታ በጣት ዳስሶ የሚፈልግ አይኑር፤ ከቀጭን ቀዳዳ የሚፈተለክ ዘይት ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፣ ቁስሉም የመርፌ ጠባሳ ያህል ቢመስልም እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳልና፣ ይህ የደረሰበት ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ። ለፍለጋው ቁራጭ ካርቶን ይበቃል።

ጥገናው ሲያልቅ ማረሻው ተጭኖ ይነሣ፣ በክንዱና በአካሉ መጋጠሚያ ላይ በጠመኔ መስመር ይሠመር፣ ሞተሩም ይጥፋ። ባለቤቱ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ሁለቱ መስመሮች እንደ ተገናኙ ካገኛቸው፣ ትራክተሩን አስነሥቶ ወደ ማሳው ይሂድ።